የአሰለፈች ሠላሳ አምስት ደቂቃ

በ2007 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አሰለፈች ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በታክሲ ስትመጣ የማረሚያ ቤቱ መታጠፊያ ሲደርስ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። እንቅልፍ አይደለም። መታጠፊያው ላይ የስንቅ ሳህን በፌስታል ያንጠለጠሉ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ከእነሱ መካከል የታሰረውን የባልደረባችንን የከውሲን ሚስት እንዳታይ ነው። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ እሷ በምትሠራበት የጭነት ድርጅት መዝገብ ቤት ስለምሠራ፣ የእሷና የእኔ ክፍል ደግሞ በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ብዙውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን ጠይቄያታለሁ። ስለ ኮምፒውተር ግን የማውቀው ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነውና በዚያ በኩል የተሳሳትኩት ቢኖር ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

አሰለፈች የተወለደችው አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። አባቷ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቷ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ይሠሩ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባት በ1985 ዓ.ም. በጭነት ድርጅታችን የስልክ ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዞሪያ ፊት ተቀምጣ ከየጣቢያው የሚመጣውን ስልክ ስታገናኝ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረች። የጣቢያ ጥበቃዎችን ሁሉ በድምፅ ታውቃለች፤ አብዛኞቹን ግን በመልክ አይታቸው አታውቅም። ማዞሪያው ተነቅሎ መጋዘን ሲገባ እሷም አብራ መጋዘን እንዳትገባ ፈርታ ከሥራ በኋላ ኮምፒውተር ተማረች። ፍቅሩ የሚባል ጎበዝ ቴክኒሻን ነበረን፤ የመጀመሪያዎቹን የጣቢያ ኮምፒውተሮች የተከለው እሱ ነው። እሱ ሥር ሆና ብዙ ነገር አየች። ፍቅሩ ባንክ ተቀጥሮ ሲሄድ «ሰው እስኪቀጠር ለጊዜው ያዢው» ተባለች። ያ «ለጊዜው» የተባለው፣ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን፣ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር።

ፈሪ ናት፤ እሷም አትክደውም። ቢሮዋን ቆልፋ ደረጃ ከወረደች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ትነካለች። አለቃ ሲጠራት ከመሄዷ በፊት «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች፤ እኔም ፈሪ ስለሆንኩ የማጽናናት አቅም የለኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ከበድ ያለ ትእዛዝ ከጻፈች የመጨረሻዋን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ታማትባለች።

ድርጅታችን በዚያን ጊዜ ዋናውን ጨምሮ ሠላሳ አንድ ጣቢያዎች ነበሩት። በየጣቢያው አንድ የመኪና ሚዛን፣ አንድ ሚዛን ቤት፣ በሚዛን ቤቱ ጥግ ደግሞ ሰርቨር የሚባለው ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ኮምፒውተር አለ። የትኛው መኪና በስንት ሰዓት ምን ያህል ጭኖ እንደወጣ፣ ማን እንደመዘነው፣ የሚመዘገበው እዚያ ላይ ነው። ቅጂው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ብቻ ነበር። ሩብ ዓመቱ እስኪያልቅ ያለው አንድ መዝገብ ጣቢያው ላይ ያለው ነው።

ቀደም ሲል ፕሮግራሙ ሲቀየር ፍቅሩ ከጭነት መኪና ሾፌር ጎን ተቀምጦ ከጣቢያ ጣቢያ ይዞር ነበር። ሁለት ወር ይፈጅበታል። በኋላ ግን አሰለፈች ስክሪፕት መጻፍ ተማረች። ስክሪፕት ማለት እሷ እንዳስረዳችኝ ለኮምፒውተር በተራ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ይህን አድርግ፣ ከዚያ ይህን፣ ከዚያ ይህን ይላል። ቢሮዋ ተቀምጣ ያንን ዝርዝር ሩቅ ወዳሉት ሰርቨሮች ትልከዋለች፤ እነሱ ደግሞ እየተከተሉ ይፈጽሙታል። ሰው ቢሆን መካከል ላይ ቆም ብሎ «ይሄ ነገር ልክ ነው?» ይላል። ኮምፒውተር አይልም።

ችግሩ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው መስመር ነበር። ከአንድ ቦታ ለሠላሳ ጣቢያ ትልቅ ፕሮግራም መላክ መስመሩን ያንቀዋል። ስለዚህ አሰለፈች አንድ ዘዴ አሰበች፤ እሷ ለአምስት ጣቢያዎች ትልካለች፣ እነዚያ አምስቱ እያንዳንዳቸው ለሌሎች አምስት ያስተላልፋሉ። ይህን ለሥራ ሂደት ባለቤቱ ለአቶ ተስፋሚካኤል ስትነግራቸው እኔ ፊርማ ፈልጌ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ቆይ» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው። «ይሄ እኮ አንድ ለአምስት ነው።»

ያን ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር፤ አንድ መሪ፣ አምስት አባል፣ በየሳምንቱ ውይይት፣ በየሳምንቱ ቃለ ጉባኤ። ቃለ ጉባኤዎቹን ፋይል የማደርገው እኔ ነኝ።

«መስመሩ እንዳይጨናነቅ ብዬ ነው እንጂ…» አለች አሰለፈች።

«ገባኝ፣ ገባኝ። ማሽኖቹም ተደራጁ በይኛ። ሪፖርቱ ላይ በዚህ ስም ነው የሚገባው። አምስቱ መሪዎች ሞዴል ጣቢያዎቹ ይሁኑ።»

ሞዴል ጣቢያ የሚባሉት ጎብኚ ሲመጣ የሚታዩት ናቸው። በራቸው ላይ በኖራ የተቀባ ድንጋይ ተደርድሯል፣ አበባ ተተክሏል፣ ሰርቨራቸውም አዲስ ነው፤ አሰለፈች ራሷ የተከለችው። ስክሪፕቷን የሞከረችው በእነዚህ በአምስቱ ላይ ነበር። አምስቱም ላይ ያለ እንከን ሠራ። መሪዎቹ ላይ ከሠራ አባላቱ ላይ ይሠራል አለች። ማንም ቢሆን በዚያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚለው፤ የሚሞከረው በሞዴል ነው፣ ሌላው ከሞዴሉ ይማራል።

አንድ ነገር ግን አሳስቧታል፤ ዱከም።

የዱከም ጣቢያ ሚዛን ሠራተኛ ከውሲ ከሦስት ሳምንት በፊት ታስሯል። ሁለት መቶ ኩንታል ስንዴ ከዱከም ተመዝኖ ወጥቶ የትም ሳይደርስ ቀርቷል፤ የሚዛን ወረቀቱ ላይ ያለው የከውሲ ስም ነው። ከውሲ ደግሞ «ያን ቀን አጎቴን ልቀብር ሄጄ ነበር፤ የመዘነው ሌላ ሰው ነው፣ ስሜን ጻፈበት» ይላል። ማን እንደመዘነ በትክክል የሚያውቀው የዱከም ሰርቨር ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ በየራሱ የምስጢር ቁጥር ስለሚገባ። ኦዲተሩ አቶ ፍቅርተማርያም ሚዛን ቤቱን ሰርቨሩ እንደበራ አሽገውታል። የዋናውን መሥሪያ ቤት ወረቀት ጨርሰው ሰኞ ዱከም ይሄዳሉ።

«ዱከምን ከዝርዝሩ ላውጣው?» ብላ ጠየቀቻቸው አቶ ተስፋሚካኤልን። «ወይም ኦዲተሩ እስኪጨርሱ ሁሉንም ብናቆየውስ?»

«ሩብ ዓመቱ ሊዘጋ ነው። አንቺ ዱከምን አውጥተሽ እኔ ዘጠና ምናምን ከመቶ ብዬ ልጻፍ? አዲሱ ፕሮግራም መዝገቡን ይነካዋል?»

«አይነካውም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያስፈራሽ?»

የሚያስፈራት ምን እንደሆነ ስላላወቀች ዝም አለች። አይሆንም ማለት ትችል እንደነበር ዛሬ ድረስ ታነሳዋለች። እኔም እዚያው ቆሜ ስለነበር አንድ ቃል መተንፈስ እችል ነበር።

ዓርብ ዕለት የምሳ ሰዓት ረጅም ነው፤ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል። ለጸሎት የሚሄደው ይሄዳል፣ ሌላው ይጦማል፣ ሚዛን ቤቶች ተቆልፈው መኪና ይቆማል። ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። አሰለፈች አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ አማትባ ቁልፏን ተጫነች። ስድስት ከአሥር ሲል አምስቱም ሞዴል ጣቢያዎች «ተጠናቋል» የሚል መልስ ላኩላት፤ ለየአባሎቻቸውም ማስተላለፍ ጀመሩ። አንዱ ጣቢያ ፕሮግራሙን ተቀብሎ ትእዛዙን እስኪፈጽም ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ ተራው የሚቀጥለው ነው።

ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ጠፋ። ለአዲሱ የባቡር መንገድ የሚቆፍረው ኤክስካቫተር እንደልማዱ ኬብል በጥሶ ነው፤ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይበጥሳል። የጠረጴዛ ስልኩም አብሮ ሞተ። አሰለፈች አልደነገጠችም። ሞዴሎቹ የተሰጣቸውን ይዘዋል፤ ያለ እኛ መስመርም እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። እኔ ክፍል መጥታ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች።

ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሞባይሏ ጮኸ። ሙሉአለም ነው፣ የመቂው ሚዛን ሠራተኛ። ምሳውን እዚያው ሚዛን ቤት ነው የሚበላው።

«እህት፣ አዲሱ ፕሮግራም ገብቷል መሰለኝ፣ ያምራል» አላት። «ግን ባዶ ነው።»

«እንዴት ባዶ?»

«የዛሬ ጠዋቱ የለም። የትናንቱም የለም። የካቲትን ፈለግሁ፣ የለም። ምንም የለም። በኋላ ይመጣል?»

የአሰለፈች እጅ ላይ ያለው እንጀራ እንዳለ ምሳ ዕቃው ላይ ተመለሰ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ በጣቷ መጻፍ ጀመረች፤ ስክሪፕቷን መስመር በመስመር ከአእምሮዋ እያነበበች ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

ስህተቱ ይህ ነበር። ሁለት መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው «አሮጌው ፕሮግራም ያለበት ፎልደር ውስጥ ግባ» ይላል። ሁለተኛው «አሁን ባለህበት ያለውን ሁሉ ሰርዝ» ይላል። ሞዴል ጣቢያዎቹ ላይ ያ ፎልደር አለ፤ በዚያ ስም የከፈተችው እሷ ናት። ፍቅሩ በተከላቸው አሮጌዎቹ ላይ ግን ፎልደሩ ሌላ ስም ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ግባ የተባለበትን ያጣዋል፤ አጣሁ ብሎ ግን አይቆምም። ወደሚቀጥለው መስመር ያልፍና በቆመበት ቦታ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። የቆመበት ቦታ ደግሞ የሚዛኑ መዝገብ ያለበት ነው። አንድ ሠራተኛ «ጓዳ ግባና ያለውን ጠርገህ ጣል» ተብሎ ጓዳውን ቢያጣው ሳሎኑን ጠርጎ እንደመጣል ነው።

«ፍቅሩ የተከላቸው ስምንት ናቸው» አለች። «መቂ አለቀ። ዱከም ከስምንቱ አንዱ ነው።»

«መቼ ይደርሰዋል?» አልኳት።

«ከሞዴሎቹ የሞጆ ሦስተኛ አባል ነው። ሰባት ከአሥር።»

ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሰዓት ሁለታችንም አየነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር።

መስመራችን ስለተበጠሰ የላከችውን መመለስ አትችልም። ያለው አንድ መንገድ ተራው የደረሰውን ሰርቨር መብራት ማጥፋት ነው። ሚዛን ቤቶቹ ተቆልፈዋል፤ ቆጣሪው ግን ውጭ ግድግዳው ላይ ነው፣ ጥበቃውም በር ላይ አለ። መብራት ሲጠፋ ተክቶ የሚሠራው ባትሪ አሮጌዎቹ ላይ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የአስተላላፊዎቹ የሞዴሎቹ ግን አዲስ ስለሆነ እነሱን በቆጣሪ ማቆም አይቻልም። አዲስ ይገዛልኝ ብላ ሦስት ጊዜ የጻፈችው ደብዳቤ እኔ ፋይል ውስጥ አለ። በዚያ ቀን ያ ባትሪ መሞቱ በጀን።

የጥበቃዎችን ስልክ የያዘውን መዝገብ አወጣሁ። እኔ ቁጥር እያነበብኩ እሷ ትደውላለች። አራቱ ጣቢያ ላይ ያሉት ድምፅዋን ሲሰሙ ብዙ አልጠየቁም። «እሺ እህቴ» ብለው ቆጣሪውን አወረዱት። ሁለቱ ጋ ስልኩ ቢጠራ ቢጠራ የሚያነሳው ጠፋ። ዱከምን የደወለችው መጀመሪያ ነበር፣ ግን የተገኘው በመጨረሻ ነው፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው።

ጋሽ ሮሪሳ ይባላሉ፤ ዱከም ጣቢያው ሳይሠራ በፊት መሬቱን ያርሱት የነበሩ ሰው ናቸው። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«አሰለፈች፣ ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ጋሼ። የሚዛን ቤቱን መብራት ከቆጣሪው ያጥፉልኝ። አሁኑኑ።»

«ምነው? እሳት ተነሣ?»

«እሳት የለም። ኮምፒውተሩ መጥፋት አለበት።»

ጋሽ ሮሪሳ ቀስ ብለው «የታሸገው ቤት?» አሉ።

«አዎ።»

«ልጄ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አውቃለሁ። የከውሲ ነገር ነው ያለው። አሽገው ሲሄዱ አንድ ነገር ቢነካ አንተን ነው የምንጠይቀው ብለውኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚህ በር ላይ አልተነሣሁም።»

«ጋሼ፣ ካልጠፋ እኮ ነው የሚሰረዘው። መብራቱ ካልጠፋ…»

«የማጠፋው እንዳይጠፋ ነው እያልሽኝ ነው?»

«አዎ።»

«አሃ።» ድምፃቸው ተለወጠ። «ማነው አጠገብሽ ያለው? ማነው እንዲህ በይ ያለሽ? ልጅቷን አስገድደዋት ነው።»

«ማንም የለም። እኔው ነኝ ያጠፋሁት፣ ስህተት ሠርቼ ነው።»

«ከአንቺ ጋር ጠብ የለኝም። ቤቱን ያሸገው ያ መነጽር ያለው ሰውዬ ይንገረኝ። እሱ ካለ አጠፋለሁ። ካልሆነ እናንተም አትድከሙ።» ዘጉት።

ለመናደድ ብሞክር አልቻልኩም። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው።

አቶ ፍቅርተማርያም ክበብ ውስጥ ነበሩ፤ ከአቶ ተስፋሚካኤል ጋር ሽሮ እየበሉ። አሰለፈች በኮሪደሩ መጨረሻ ቆማ ወደ ግቢው አየች። «ብነግራቸው ያስሩኛል» አለች። «ሆን ብላ ነው ይላሉ። ሰኞ ሊሄዱ ዓርብ ላይ መዝገብ የሚሰርዝ ነገር የላከችው ተገዝታ ነው ይላሉ። እኔ ብሆን እንደዚያ ነው የምለው። ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል?»

ዝም ብትል ምን እንደሚሆን ሁለታችንም አውቀነዋል፤ የዱከም ሰርቨር ብልሽት ደረሰበት ይባላል፣ ስሟ ላይነሣ ይችላል፣ ከውሲ ደግሞ እንደታሰረ ይቀራል። ግቢውን እየሮጠች አቋረጠች። እኔ ከኋላዋ ሄድኩ።

ጠረጴዛው አጠገብ ስትደርስ አቶ ተስፋሚካኤል አዩዋትና ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ምሳ ላይ ነን አሰለፈች። በኋላ።»

«ለእሳቸው ነው» አለች ወደ ኦዲተሩ እያየች።

«ከምሳ በኋላ አልኩሽ እኮ።»

«ሰባት ከአሥር ላይ የዱከም መዝገብ ይሰረዛል» አለች። «የሚሰርዘው እኔ የላክሁት ስክሪፕት ነው። ስህተት አለበት። ጥበቃው ቆጣሪውን ካላጠፋ ይሰረዛል፤ ያለ እርስዎ ቃል ደግሞ አላጠፋም ብለውኛል።»

አቶ ፍቅርተማርያም ቀጭን፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። የጎረሱትን አላምጠው ዋጡና እጃቸውን ጠረጉ። «ዱከምን እንዲነካ ማን አዘዘ?» አሉ።

አሰለፈች አቶ ተስፋሚካኤልን አላየቻቸውም። አቶ ተስፋሚካኤል ግን «እኔ አላዘዝኩም፤ ጠቅላላ የማሻሻል ሥራ ነው የተባልኩት» አሉ።

«መብራቱ ሲጠፋ እንዲሰረዝ አድርገሽው እንደሆነስ?» አሏት ኦዲተሩ። «እኔን አስጠፍተሽ እኔ እንዳጠፋሁት ብታደርጊስ? እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አያውቁም» አለች። «ማስረጃ የለኝም። እኔን ይዘው ይሂዱ። ተሰርዞ ከተገኘ እዚያው ፖሊስ ይጥሩ።»

የክበቡ ሰዓት ሰባት ከሰባት ይላል። ያ ሰዓት ይቅደም ይዘግይ ማናችንም አናውቅም። ኦዲተሩ እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ።

ጋሽ ሮሪሳ ለእሳቸውም ቢሆን በቀላሉ አልተሸነፉም። «ያሸግህ ቀን ቁልፉን ለማን ሰጠህ?» ብለው ጠየቁ።

«ለማንም። በኪሴ ይዤው ሄድኩ።»

«ሻይ ላፍላልህ ስልህ ምን አልከኝ?»

«ስኳር አቆሜያለሁ አልኩ። አባቴ፣ አሁን ያጥፉት።»

ስልኩ ሳይዘጋ ቀረ። የጫማ ኮቴ ሰማን፣ የቆርቆሮ በር ሲንቋረር፣ «ዝጓል» የሚል ማጉረምረም፣ ከዚያ አንድ ቀጭ የሚል ድምፅ። «አጠፋሁት» አሉ ጋሽ ሮሪሳ። የኦዲተሩ የእጅ ሰዓት በዚያን ጊዜ ሰባት ሰዓት ከአሥራ አንድ ይል ነበር።

አሰለፈች ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ደቂቃ አልፏል። ሞጆ ሲጀምር ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ እንደሆነ ደርሰናል፤ በሰዓቱ ጀምሮ ከሆነ አልደረስንም። የትኛው እንደሆነ ማወቂያ የለም።

ዱከም ድረስ በኦዲተሩ መኪና ሄድን፤ እኔን ያስከተሉኝ ምስክር እንድሆን ነው። አሰለፈች ከኋላ አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዋን እየጠቀለለች ትፈታለች፣ እየፈታች ትጠቀልላለች። አንዴ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቤቴ ደውለህ ምን እንደምትል አስበህበታል?» አለችኝ።

ጋሽ ሮሪሳ በር ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆመው ነበር። በአካል ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው። «አንቺ ነሽ?» አሏት፤ «ቁመትሽ ረዥም መስሎኝ ነበር።» ማንም አልሳቀም። ኦዲተሩ ማሸጊያቸውን መርምረው ቀደዱና በሩን ከፈቱ። አሰለፈች መጀመሪያ የመስመሩን ገመድ ከሰርቨሩ ነቀለች፤ ያለዚያ ሞጆ ሲያገኘው ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ጋሽ ሮሪሳ ቆጣሪውን መለሱት።

በድንገት የጠፋ ኮምፒውተር ሲነሣ ራሱን ይመረምራል። እስክሪኑ ላይ ቁጥር በዝግታ ይቆጥራል፤ አሥር ከመቶ፣ አሥራ አንድ ከመቶ። አርባ ከመቶ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ኦዲተሩ «ምን ሆነ?» አሉ፤ አሰለፈች «አላውቅም» አለች። ስንት ደቂቃ እንደቆመ አልቆጠርኩም። ያ ክፍል ለሦስት ሳምንት ስለተዘጋ የአቧራና የስንዴ ሽታ ነበረው። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅ ግን የለውም። ቁጥሩ እንደገና መሄድ ጀመረ።

ሲያበቃ እጇን ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠች። ዝርዝሩን አውጣ የሚለውን ትእዛዝ ጻፈች፤ የመጨረሻዋን ቁልፍ ግን መጫን አቃታት። አቶ ፍቅርተማርያም ጎንበስ ብለው «ይህችኛዋ ናት?» አሉና ራሳቸው ተጫኑት።

ቀናቱ ከላይ ወደ ታች ወረዱ። ጥር ነበር፣ የካቲት ነበር፣ የመጋቢትም መጀመሪያ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ተገልብጦ አልቆ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ገና አልተጀመረም። ኦዲተሩ ስንዴው የወጣበትን ቀን ፈለጉና አገኙት፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው በቅርበት አነበቡት። የገባው የምስጢር ቁጥር የከውሲ አልነበረም። የማን እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አሰለፈች ውጭ ወጥታ ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ጋሽ ሮሪሳ ውሃ አመጡላት። ብዙም ሳይቆይ ኦዲተሩ ከኋላዋ መጥተው «አሁን የሌሎቹን ጣቢያዎች ንገሪኝ» አሉ፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን ገልጠው።

ነገረቻቸው። መቂና ስልክ ያላነሡት ሁለቱ ጣቢያዎች ሙሉ በሙሉ ተሰርዘዋል። የወረቀት ግልባጭ ከየሾፌሩ እየተለቀመ የተወሰነው ተመለሰ፣ የተወሰነው ቀረ። አሰለፈች ተገዝታ እንደሆነ ለማጣራት አራት ጊዜ ቃሏን ሰጥታለች። አራቱንም ጊዜ ከመሄዷ በፊት የቤቷን ቁልፍ እኔ ጋ ታስቀምጥ ነበር፤ ካልተመለሰች ለልጆቿ እንድሰጥ። ግምገማው ላይ አቶ ተስፋሚካኤል የጥንቃቄ ጉድለት አሉት። አንድ እርከን ዝቅ አለች። የደብዳቤውን ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ስጽፍ እጄ ከበደኝ፣ ግን ጻፍኩት። ዛሬም ስክሪፕት ትጽፋለች። አሁን ግን በሁለቱ መስመሮች መካከል «ፎልደሩ ከሌለ አቁም» የሚል አለ፤ የምትልከውም ለአንድ አንድ ጣቢያ ነው፣ ሞዴል ካልሆነው ጀምራ።

ከውሲ የተፈታው ሰኔ ላይ ነው። በተፈታ በሳምንቱ ዋናው መሥሪያ ቤት መጣ፤ ከስቶ ነበር፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ጋሽ ሮሪሳ የነገሩትን ይዞ ነው የመጣው።

«አሰለፈች የምትባለው የት ናት?» አለኝ። «አመስግናት ብለውኛል። እሷ ባትደውል ኖሮ መዝገቡ ጠፍቶ ነበር አሉኝ።»

አሰለፈች በዚያች ሰዓት ከእኔ መደርደሪያ ጀርባ ቆማ ነበር። ድምፁን ከደረጃው ላይ ሰምታ ነው ቀድማው የገባችው። በፋይሎቹ መካከል አየኋት፤ ጭንቅላቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታወዛውዛለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። መዝገቡን ሊያጠፋ የነበረው ማን እንደሆነ ከውሲ አልሰማም።

«ፈቃድ ላይ ናት» አልኩት።

«መቼ ትመለሳለች?»

«እንጃ። አልተናገረችም።»

ወንበር ስቤለት ትንሽ ተቀመጠ፣ ስለ ጤናው ጠየቅሁት፣ ሚስቱ ደህና እንደሆነች ነገረኝ። ሲሄድ «ሰላም በልልኝ» አለ። እሺ አልኩት። ኮቴው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ጠብቄ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ፤ አልወጣችም። ሥራ እስኪያበቃ እዚያው ነበረች።